እናቴ ከመኪና ሥር የከረመችበት ክረምት

ባለፈው ነሐሴ ወደ ነቀምቴ ስጓዝ ሲሬ መግቢያ ላይ ጎማዬ ተነፈሰ። ጠጋኙ ሥራውን እስኪጨርስ መንገድ ዳር ቆሜ ስጠብቅ፣ ከጎኑ ያለው መካኒክ አንድ የመኪና ብረት ከሰል ላይ ጥሎ በውስጡ የተጣበቀውን አሮጌ ጎማ ያቃጥል ነበር። ጥቁሩ ጭስ ዝናቡ ተጭኖት ወደ ላይ መውጣት ሲያቅተው መሬት ለመሬት እየተጎተተ መጣብኝ። አጠገቤ ሻይ የሚጠጡት ሰዎች አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እኔ ግን ዓይኔ እያነባ ወደ ጭሱ ተጠጋሁ። ስምንት ዓመት በሞላኝ ክረምት እናቴ ጎንበስ ብላ ስትስመኝ የምትሸተው እንዲህ ነበር።

እናቴ ይታይሽ ነቀምቴ ውስጥ የአማርኛ አስተማሪ ነበረች። የቡሬ ልጅ ናት፤ ተመድባ መጣች፣ እዚያው አግብታ ቀረች። አባቴ የመንገድ ቀያሽ ስለነበር ያን ዓመት ሥራው ደምቢ ዶሎ በኩል ሆነ። ክረምት ሲገባ ከስልክ በቀር አናገኘውም። ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና እናቴ ነበርን፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ አባቴ ትቶልን የሄደው አሮጌ ነጭ መኪና። ኋላዋ ረዘም ያለ ነው፤ ወንበሩ ሲታጠፍ ፍራሽ ያስነጥፋል። እናቴ መንዳት እንጂ ስለ መኪና ሌላ የምታውቀው ነገር አልነበራትም። ኮፈኑን የምትከፍተው ውኃ ለመጨመር ብቻ ነበር።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሊዘጋ ሲል ከማንጎ ዛፍ ወድቄ ጭኔ ተሰበረ። ወደ አዲስ አበባ ተላክን። እዚያ አጥንቴን አስተካክለው ጀሶ አለበሱኝ፤ ከደረቴ ሥር ተነስቶ አንዱን እግሬን እስከ ጣቴ፣ ሌላውን እስከ ጉልበቴ የሚሸፍን። መቀመጥ የለ፣ መገላበጥ የለ። እንደ ግንድ እንዳጋደሙኝ እጋደማለሁ። ስንወጣ ሐኪሙ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ።

«እንቁጣጣሽ ሳይደርስ ታመጪያታለሽ። እስከዚያው ብዙ እንዳትነቃነቅ። አጥንቱ ካልያዘ እንደገና ይሰበራል።»

ከዚያ እኔ መኪናችን ኋላ ፍራሹ ላይ ተኝቼ፣ እናቴ እየነዳች ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን። እስከ አምቦ ደህና ነበር። መንገዱ መበላሸት ሲጀምር ግን ከጀርባዬ ሥር አንድ ነገር «ጓ!» አለ። መኪናዋ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ጓ! ከጉድጓዱ ስትወጣ ደግሞ ኋላዋ ወደ ጎን ይወረወራል። እያንዳንዱ ድምፅ በጀሶው ውስጥ አልፎ ጭኔ ላይ ያርፋል። ሰው ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ በመዶሻ የሚመታኝ መሰለኝ።

«እማዬ፣ ውረጂና አባርሪው» አልኳት እያለቀስኩ።

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ባኮ ስንደርስ መኪናዋን ዳር ይዛ አቆመች፤ ወርዳ ጎንበስ ብላም ከሥር አየች። ያባረረችው መሰለኝ። ከዚያ የኋላውን በር ከፍታ ገባችና አጠገቤ ተጋደመች። ግንባሬን እየዳበሰች «ሁለተኛ በእንዲህ ዓይነት መኪና አትሄጂም» አለችኝ። አዲስ መኪና ልትገዛልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ ቀይ ይሁን ልላት ፈልጌ ሕመሙ አፌን ያዘው።

ቤት ስንደርስ አልጋዬ በረንዳ ላይ ተዘረጋ። ከዚያ ግቢውን፣ የቆርቆሮውን አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤታችንን የኦቦ ቶለራን የእንጨት ሥራ ቤት አያለሁ። ኦቦ ቶለራ አናጢ ናቸው። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ «አከም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» እያሉ እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቁኛል፤ «ልጄ» ማለታቸው ነው። እናቴን ደግሞ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም፤ «በርሲስቱ» ነው የሚሏት፣ አስተማሪዋ።

በሳምንቱ እናቴ እኔን ለኦቦ ቶለራ ባለቤት ለአዴ ዲንቂቱ አደራ ብላ መኪናዋን ጋራዥ ይዛ ሄደች። ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል። ከአጥሩ ማዶ ላሉት ኦቦ ቶለራ ስትነግራቸው ሰማሁ።

«የኋላው ቡሽ አልቋል አሉኝ። አንደኛው ከመስቀል በፊት ወረፋ የለኝም አለ። ሌላኛው መኪናዋን ትተሽልኝ ሂጂና ሲደርስ እሠራታለሁ ይላል። ትቼ ብሄድ መቼ እንደሚነካት አላውቅም። እዚያው ቁጭ ብዬ እንዳላሠራ ሰኒን ማን ያገላብጥልኛል?» ሰኒ የምትለው እኔን፣ ሰናይትን ነው።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ቃል ነበር። እኔ የማውቀው ቡሽ የጠርሙስ መክደኛውን ነው። አዴ ዲንቂቱ ደግሞ አረቄ ይሸጡ ስለነበር ቤታቸው ቡሽ ሞልቷል። እንዲህ ቀላል ነገር ለትልልቅ ሰዎች እንዴት ጠፋቸው ብዬ ገረመኝ። በማግስቱ ምሳዬን ሊያጎርሱኝ ሲመጡ «አዴ፣ ለመኪናችን ቡሽ አልቋል፤ ይስጡን» አልኳቸው።

«ለመኪና ቡሽ?» አሉ።

«ከኋላ ነው የሚገባው።»

ትንሽ አሰቡና ሄደው ትልልቁንም ትንንሹንም በሰፌድ ይዘው መጡ። አንዳንዱ ገና የአረቄ ሽታው አልለቀቀውም። እናቴ ከገበያ ስትገባ ሰፌዱን ሆዴ ላይ፣ ጀሶው ላይ አገኘችው። ነገሩ ሲገባት የያዘችውን ዘንቢል አስቀምጣ በረንዳው ላይ ቁጭ አለች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከወደቅሁ ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። አዴ ዲንቂቱ ለምን እንደምትስቅ ባይገባቸውም አብረው ሳቁ።

ከሳቁ በኋላ እናቴ ቁም ነገሩን አስረዳችኝ። የኋላ ጎማዎቹን የሚሸከም ባሌስትራ የሚባል ተደራራቢ ብረት አለ። ብረቱ ከመኪናዋ አካል ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ፣ መሃል ላይ ጎማ ይገባል። ቡሽ የሚሉት እሱን ነው። የእኛ አርጅቶ ተበልቶ አልቋል።

«እና ማን ይሠራዋል?» አልኳት።

«እኔ» አለች። አባባሏ ድንች የሚልጥ ሰው አባባል ነበር።

ጋራዡ ውስጥ ያገኘችው ገመቹ የሚባል ወጣት ቀድሞ ተማሪዋ ኖሯል። አለቃው ወረፋ የለም ሲላት አፍሮ እስከ በሩ ሸኛት፤ «ቲቸር፣ ሥራው ትዕግሥት ነው የሚፈልገው እንጂ ከባድ አይደለም። እኔ ላሳይዎት» አላት። ከዚያ በኋላ ጠዋት እኔን አጥባና አብልታ አዴ ዲንቂቱን ትጠራና፣ ጋራዥ ሄዳ ገመቹ የሌላ ሰው መኪና ሥር ገብቶ ሲሠራ ቆማ ታያለች። ስትመለስ አዳዲስ ቃላት ይዛ ትመጣለች፤ ብረትን ከብረት የሚያያይዘው ጥርስ ያለው ቡሎን፣ ጫፉ ላይ የሚጠመዘዘው ዳዶ፣ ዕቃ ጨምቆ የሚይዘው ሞርሳ። እያንዳንዱን ለእኔ ትነግረኝና «ከጣልያን የመጣ ነው» ትለኛለች። ጣልያን ከነቀምቴ ጋራዥ ኋላ ያለ ሰፈር ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ማታ ሲደውል ነገረችው። ስልኩ ስለሚጮህ ድምፁ ለእኔም ይሰማል።

«ለሰው ስጪው እንጂ ይታይሽ! መኪና እኮ ነው! ይወድቅብሻል!»

«እሺ» አለች እናቴ።

በነጋታው ከገመቹ የመኪና ማንሻ ክሪክ ተውሳ መጣች።

የአባቴን አሮጌ ቱታ ለበሰች፤ እግሩን ሁለት ጊዜ አጠፈችው። ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ አሰረች። ኦቦ ቶለራ የማገዝ ሐሳብ አልነበራቸውም። መጀመሪያ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ብቻ ያዩ ነበር። ክሪኩ የመኪናዋን ኋላ ብድግ ሲያደርግና እናቴ ከሥሩ ልትገባ ስትንበረከክ ግን ጮኹ።

«በርሲስቱ! ቁሚ! ክሪክ ውሸታም ነው!»

ሮጠው ወጡና ከሥራ ቤታቸው ወፍራም የዋንዛ ጉማጆች እያንከባለሉ አመጡ። ከመኪናዋ ግራና ቀኝ አስገብተው አደላደሉ፤ መኪናዋን በሁለት እጃቸው ይዘው ገፍተው ነቀነቋት። ንቅንቅ አላለችም። «አሁን ግቢ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ከመኪናዋ ሥር ባለች ጊዜ ሁሉ ኦቦ ቶለራ መላጊያቸውን ይዘው ከሥራ ቤታቸው በር አይርቁም።

ከአልጋዬ የሚታየኝ የእናቴ እግር ብቻ ነው። ላስቲክ ቦት ጫማዋ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ አንዳንዴ ይወራጫል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። ዝም ሲል «እማዬ!» እላለሁ። «አለሁ» ትላለች። ዝናብ ሲመጣ ኦቦ ቶለራ በላይዋ ሸራ ወጥረው ነበር፤ ውኃው ሸራው ላይ ይጠራቀምና በአንድ ጎን ቧ ብሎ ይፈስሳል። እሷ አትወጣም።

አስቸጋሪው ቡሎኑ ነበር። ዕድሜ ልኩን ጭቃ ሲጠጣ ኖሮ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። እናቴ ጠዋት ጠዋት፣ ለእኔ መድኃኒቴን ከሰጠችኝ በኋላ፣ ሄዳ ናፍታ ታፈስበታለች። «ለሱም ጠበል» ትላለች። ቡሎኑ ግን አልሰማም። በመጨረሻ መዶሻ ይዛ ገባች።

የመጀመሪያውን ምት ስሰማ ልቤ ቀጥ አለ። ካልያዘ እንደገና ይሰበራል። ሐኪሙ እንዲህ ነው ያለው። ማን እንደሚሰብረኝ አልነገረንም። አሁን እናቴ መዶሻ ይዛ ብረት ትመታለች፤ ኦቦ ቶለራ ደግሞ «ጠንከር አድርጊው!» ይላሉ። ለእኔ እየተለማመደች መሰለኝ። ድምፄን አውጥቼ እንዳላለቅስ ከንፈሬን ነክሼ ቆየሁ። አልቻልኩም።

እናቴ ከመኪናዋ ሥር ተስባ ወጣች። እጇ ጥቁር፣ ጉንጯ ጭቃ ነበር። «አመመሽ?» አለችኝ።

«እኔን አትስበሪኝ» አልኳት።

ከየት እንዳመጣሁት እስኪገባት ጊዜ ወሰደባት። ሲገባት አልሳቀችም። እጇ ጭቃ ስለሆነ በክርኗ ፀጉሬን ነካ አደረገችኝ።

«ሐኪሙ ይሰበራል ነው ያለው። ይሰብሩታል አላለም። በራሱ እንዳይሰበር ተጠንቀቁ ነው ያለን። ማንም አይነካሽም። ልጄን የሚሰብር መጀመሪያ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው።» ቀጥላም «አሁን አንቺ ትረጅኛለሽ» አለችኝ። «እኔ በመታሁ ቁጥር አንቺ ግሱን አርቢልኝ። እንጀምር። መታ።»

ተመልሳ ገባች። መዶሻው ሲጮህ እኔ ከአልጋዬ ላይ እጮሃለሁ።

«መታሁ!» ጓ። «መታህ!» ጓ። «መታሽ!» ጓ።

ኦቦ ቶለራ አማርኛቸው በቂያቸው ነው፤ እርባታ ግን ተምረው አያውቁም። እሳቸውም ከአጥሩ ማዶ «መታች!» እያሉ ገቡበት። አዴ ዲንቂቱ ከጓዳቸው ወጡ። መንገድ የሚያልፉ ሰዎች በበሩ ክፍተት እያጮለቁ በአንድ መኪና ላይ ምን እንደወረደ ይጠያየቃሉ። «መቱ!» ስል ቡሎኑ ተንቀሳቀሰ። እናቴ ከሥር እልል አለች። እልልታ ከመኪና ሥር ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የወጣውን አሮጌ ቡሽ አምጥታ አሳየችኝ። ጎማው ተሰነጣጥቆ በአንድ ጎን ጨርሶ የለም። ቀሪውን ከብረቱ ውስጥ ለማውጣት በከሰል ምድጃ ላይ አቃጠለችው፤ ሽታው ግቢውን ሞላው። አንሶላዬ፣ ምግባችን፣ የእናቴ ፀጉር፣ ሁሉም ያንኑ ሸተተ። አዴ ዲንቂቱ አፋቸውን ይዘው «ምን ዓይነት ወጥ ነው ደግሞ ይሄ?» አሉ።

አዲሱን ቡሽ አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ ገዝታ በአውቶቡስ ልካልን ነበር። እናቴ ሳሙና በጥብጣ ቀባችውና ከኦቦ ቶለራ ጋር በሞርሳቸው አስገቡት። «ሱታ፣ ሱታ» ይላሉ ኦቦ ቶለራ፣ ቀስ በይ ሲሏት። መጀመሪያ ጠምሞ ገባ። አወጡትና እንደገና ቀቡት። እናቴ ምላሷን በጥርሷ ይዛ የሞርሳውን እጀታ ስታዞር በአጥሩ ክፍተት ይታየኛል። የተማሪ ደብተር ስታርም የምታደርገውን ነበር የምታደርገው። ሁለተኛው ላይ ጥርቅም ብሎ ገባ።

ሁሉንም መልሳ ገጠመች፤ አጠበቀች፤ መኪናዋን ከጉማጆቹ ላይ አወረደች። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ሰፈሩን በኮብልስቶኑ ላይ ዞራ ልትመጣ ወጣች። ስትመለስ ግን ገና ከሩቅ ሰማሁት። መኪናዋ እንደ ጠቦት ትጮኻለች። እናቴ ሞተሩን አጠፋችና ሳትወርድ መሪውን ይዛ ቆየች።

ገመቹ ከሥራ ሲወጣ መጣ፤ ከሥር ገብቶ አየና ከንፈሩን እየመጠጠ ወጣ።

«ቲቸር፣ መቼ ነው ያጠበቁት?»

«መጨረሻ ላይ። መጨረሻ ላይ አጥብቂ አላልከኝም?»

«መጨረሻ ያልኩት ጎማው መሬት ከረገጠ በኋላ ነው። በአየር ላይ እንደተንጠለጠለች ካጠበቁት፣ ክብደቷን ስትጥልበት ቡሹ ይጠመዘዛል። ይኸው አንዱ ተቀደደ።»

እናቴ ገመቹን አመስግና እስከ በሩ ሸኘችው። ከዚያ በረንዳው ደረጃ ላይ ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ ተቀመጠች። ትከሻዋ ወድቋል። ቀጠሯችን ደርሶ ነበር። አቅፋ በአውቶቡስ ልትወስደኝ አትችልም፤ እኔ በጀርባዬ ተዘርግቼ ካልተኛሁ አልሄድም። ዝናቡ ሲያካፋ አየችው፣ አየችው።

«እማዬ፣ እንደገና ይሠራል?» አልኳት።

ዞር አለችና አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። «እንደገና ይሠራል» አለች። «ይሠራል ማለት ግን በራሱ አይደለም። እኔ ነኝ የምሠራው።»

ለአክስቴ ደወለች። አክስቴ ያንኑ ዕለት ገዝታ ላከች፤ አውቶቡሱ ግን መንገድ ላይ ጎርፍ ይዞት ቀረ። እናቴ ጃንጥላ ይዛ መናኸሪያ ትሄዳለች፤ ባዶ እጇን ትመለሳለች፤ እንደገና ትሄዳለች። መኪናዋ በጉማጆቹ ላይ ተሰቅላ ትጠብቃለች። እኔ ጀሶው ውስጥ እየበላኝ፣ ማከክ ስለማልችል ሹራብ መሥሪያ ሽቦ እየሰደድኩ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። የታሸገችውን ዕቃ ከልብሷ ሥር፣ ዝናብ እንዳይነካት፣ አቅፋ ነበር።

ሁለተኛው ሥራ እንደ መጀመሪያው አልነበረም። እጇ አውቆታል። ቡሎኑ ግራሶ ቅባት ጠጥቶ ስለነበር ያለ እርባታ ወጣ። ቡሹ ያለ ምንም ጥምመት ገባ። አሁን የቀረው ማጥበቁ ነው፤ እሱ ደግሞ መኪናዋ መሬት ረግጣ መሆን አለበት። ጎማዎቹ መሬት ከነኩ በኋላ ከሥሯ ሰው የሚያስገባ ቦታ የለም። እናቴ በደረቷ ተኝታ ሞከረች፤ ትከሻዋ አላለፈም።

ኦቦ ቶለራ ይህን አይተው ዶማ አነሱ። መኪናዋን ወደ ጎን አስገፏትና የእናቴን ቁመት በዓይናቸው ለክተው መሬቱን እንደ ቦይ ቆፈሩ። ከዚያ መኪናዋን በቦዩ ላይ አቆሙ። ልክ እናቴ ልትገባ ስትል ሰማዩ ተቀደደ። የነቀምቴን የነሐሴ ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቦዩ ባንድ አፍታ ውኃ ሞላ።

«በርሲስቱ፣ ነገ» አሉ ኦቦ ቶለራ።

«ነገ መንገድ ነኝ» አለች እናቴ። የቡሎን ማጥበቂያ ቁልፉን ይዛ በጀርባዋ ውኃው ውስጥ ተኛችና ተንሸራታ ገባች።

ያን ጊዜ ቦት ጫማዋም አልታየኝም። የሚታየኝ የጭቃ ውኃ፣ በላዩ ላይ ነጭ መኪና ብቻ ነበር። ውኃው ሲናወጥ እዚያ መሆኗን አውቃለሁ። ቁልፉ ጠቅ ጠቅ ይላል። ኦቦ ቶለራ ዝናብ እየወረደባቸው መኪናዋ ጎን ቆመዋል፤ ጥላ አልያዙም። ጎንበስ ብለው «ጀባዹ! በርቺ!» ይላሉ። ጊዜው ረዘመብኝ። ከዚያ አንድ እጅ ከውኃው ውስጥ ወጣ፤ ቁልፉን ጨብጧል። ኦቦ ቶለራ ይዘው ሳቧት። ከፀጉሯ እስከ እግሯ ቀይ ጭቃ ሆና ተነሳች፤ ጥርሷ ብቻ ነጭ ነበር። እየሳቀች ነበር።

በነጋታው ጠዋት ግን ወዲያው አልተነሳንም። እናቴ አንድ ነገር ማወቅ ፈለገች። ኦቦ ቶለራ በወጣትነታቸው እንጨት የሚጭን መኪና ነድተው ያውቃሉ። መሪውን ለሳቸው ሰጠቻቸውና እሷ ኋላ ገባች፤ እኔ የምተኛበት ፍራሽ ላይ፣ እኔ እንደምተኛው፣ እጇን ደረቷ ላይ አጥፋ ተንጋለለች።

«ወደ ኡኬ ይንዱ» አለቻቸው። «መጥፎ መጥፎውን እየመረጡ።»

እኔና አዴ ዲንቂቱ በረንዳው ላይ እየጠበቅን ቆየን። መኪናዋ ስትመለስ ድምፅ የላትም፤ የሞተሯ ብቻ። ኦቦ ቶለራ ወረዱ፤ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም እንድንል አሳዩንና የኋላውን በር ቀስ ብለው ከፈቱ። እናቴ አፏን ትንሽ ከፍታ፣ እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ፣ ድብን ያለ እንቅልፍ ተኝታለች።

«ጉድጓድ አልተውኩም» አሉ ኦቦ ቶለራ በሹክሹክታ። «ሁሉም ውስጥ ገብቻለሁ።»

የዚያን ቀን ጉዞ ብዙ የማወራለት የለኝም፤ ከዚህ የበለጠ ምስጋናም የለውም። መንገዱ ያው ነው፤ ጉድጓዱ ያው ነው። እናቴ ወደ ኋላ እያየች «ተሰማሽ?» ትለኛለች። «ምኑ?» እላታለሁ። አኖን፣ ባኮን አለፍን። በመስኮቱ የሚታየኝ ሰማይና የባሕር ዛፍ ጫፍ ብቻ ነው፤ እሱን እየቆጠርኩ ሳልጨርስ አምቦ ደረስን።

ሐኪሙ ጀሶውን በሚጮህ መጋዝ ቀደደው። ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ለእናቴ አሳያትና «ይዟል» አላት። አንድ ቃል ብቻ። እናቴ ራጁን ብዙ ቆማ አየችው፤ ከዚያ የሐኪሙን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ አለች። እኔ ቀጭን፣ ነጭ፣ የራሴ የማይመስሉ እግሮቼን እያየሁ ነበር። አክስቴ ቤት ሰንብተን መቆም ተለማመድኩ፤ ከዚያ በምርኩዝ መራመድ። ነቀምቴ ስንገባ ኦቦ ቶለራና አዴ ዲንቂቱ በር ላይ ቆመው «ባጋ ነጋን ገልተን!» አሉን፤ እንኳን በደህና ገባችሁ ማለታቸው ነው። ኦቦ ቶለራ መጀመሪያ እኔን ሳሙኝ፤ ቀጥለው መኪናዋን ከኋላ ጎንበስ ብለው አዩ።

ትምህርት ሲከፈት የእናቴ ክፍል ውስጥ ተመደብኩ። ምርኩዜን ዴስኩ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩ። እናቴ ጠመኔ አንስታ በሰሌዳው ላይ መጻፍ ስትጀምር ልጆቹ ማንሾካሾክ ጀመሩ። ጣቶቿን ነው የሚያዩት። ግራሶው ጥፍሯ ሥርና የቆዳዋ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ በሳሙናም በሎሚም አልለቀቀም። በመጨረሻ ከኋላ አንዱ ደፍሮ ጠየቀ።

«ቲቸር፣ እጅዎ ምን ሆኖ ነው?»

ሌላ አስተማሪ ቢሆን ይቆጣ ነበር፤ ወይም እጁን ይሰውር ነበር። እናቴ ጠመኔውን አስቀምጣ ሁለት እጆቿን ወደ ፊት ዘረጋች፤ እየገለባበጠች አሳየቻቸው።

«ክረምቱን መኪና ስሠራ ከርሜ ነው» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። የቀለደች መሰላቸው። እሷም ፈገግ አለችና ወደ እኔ ዞረች።

«ሰናይት፣ ተነሺና ንገሪያቸው።»

ምርኩዙን ልፈልግ እጄን ዝቅ አደረግሁና ተውኩት። በዴስኩ ተደግፌ ተነሳሁ፤ ከዚያ ዴስኩንም ለቀቅሁት። ልጆቹ ሁሉ ዞረው ያዩኛል። ስለ ባሌስትራው፣ ስለ ቡሎኑ፣ ውኃ ስለሞላው ቦይ፣ ሁሉንም ባንዴ፣ እየተንተባተብኩ፣ ፊቱን ከኋላው እያደባለቅሁ ነገርኳቸው። ሳቁ እየቀነሰ ሄደ፤ ኋላም ጨርሶ ጠፋ። እናቴ ጥቋቁር እጆቿን አጣምራ ሰሌዳው አጠገብ ቆማ ታዳምጠኝ ነበር። የአማርኛ አስተማሪ ሆና አንድም ቃል አላረመችኝም።